የጉድጓዱ ኩራዝ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሴት ማሽላዋ እስኪፈጭላት ከወፍጮ ቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ የራሴን ታሪክ ለራሴ አወራችልኝ። ከማዶ ቀበሌ በአህያ ጭና የመጣች አዲስ ደንበኛ ናት። ሞተሩ ጆሮ እየበሳ እሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እዚህ ግቢ የጂኒ ጉድጓድ አለ አሉ። አንድ ሰው ቢገባ ከታች ኩራዝ አገኘ። ባለቤቶቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ኩራዙ ግን ትኩስ ነበር፣ ወላሂ!"

"ኩራዙን ያወረድኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ሳቀች። የቀለድኩባት መስሏት ጉልበቴን መታ አድርጋ ወሬዋን ቀጠለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ጆሮ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንን ወሬ ከየአቅጣጫው ሲቀበል ኖሯል። አንዳንዱ ኩራዙ እየበራ ነበር ይላል። አንዳንዱ ኩራዙን የያዘ እጅ ጨምሮበታል። እውነቱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ ሦስተኛውን እንኳ ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ስናገር ካልታመንኩ እንግዲህ ልጻፈው።

ወደዚህ ቆላ የወረድነው እኔ፣ ባለቤቴና አባቱ ነን። አገራችን ከደብረ ሲና በላይ ነው፤ ጉሙ ረፋድ ሳይሆን የማይነሳበት የገብስ አገር። የአባት መሬት ለወንድማማቾች ሲቆረስ ሲቆረስ ለባለቤቴ የደረሰው በሬ ዞሮ የማይወጣበት ቁራጭ ሆነ። እሱ ደብረ ሲና ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ስለሠራ ሞተር ያውቅ ነበር። "የቆላ ሰው ማሽላውን ለማስፈጨት ሸዋ ሮቢት ድረስ ይንከራተታል። ለምን እዚያው ደጁ አንተክልለትም?" አለ። ያለንን ሸጠን ሞተርና ድንጋይ ገዛን፣ አይሱዙ ላይ ጭነን ጠመዝማዛውን ወረድን። እኔ ከጭነቱ ላይ ተቀምጬ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ እያወለቅሁ ታች ደረስኩ። አማቴ ግን ጋቢያቸውን አላወለቁም። እስከ መጨረሻውም አላወለቁ።

አማቴ ዳዊት ደጋሚ፣ በደብራቸው የተፈሩ ሰው ነበሩ። ስለ ሰይጣን ወሬ ሲነሳ "ስሙን አትጥሩት፤ ስሙን የጠራችሁለት ዕለት ወንበር ስቦ ይቀመጣል" ይሉ ነበር። እወዳቸው ነበር፤ ከመውደዴ ይልቅ ግን እፈራቸዋለሁ። ምራት ሆኖ አማቱን የማይፈራ ካለ እሱ ይፍረድብኝ።

የገባንበት ግቢ ቀወት ገጠር ውስጥ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ያለ ነው። የድንጋይ ቤት፣ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ የማሽላና የማሾ ማሳ። የግቢው የመጨረሻ ባለቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው መጥቶ ቁልፉን ሰጠን። ይህን የመሰለ ቦታ ለምን ባዶ ቆየ ብለን ስንጠይቅ ጎረቤቶቹ "ሰው አጥቶ ነዋ" አሉን፤ እንዲህ ሲሉ ግን ዛፉን እንጂ እኛን አያዩም ነበር።

መጀመሪያ ያስፈራኝ ቀትሩ ነው። እኛ አገር ቀትር የሥራ ሰዓት ነው። እዚህ ግን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ወፉም ሰውም ከብቱም የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ አገሩ በአንድ ጊዜ ጭር ይላል። በዚያ ጭርታ ውስጥ ከቤት ስወጣ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ዞር ስል ቁርቁራው ብቻ ነው።

ወፍጮውን ተክለን ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን ሰማሁት። የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ጣሳ ስለደፋንበት ሞተሩ ኩኩ ኩኩ እያለ አገር ይጠራል፤ ያ የታወቀ ነው። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከወለሉ ሥር፣ ወፈር ባለ ድምፅ፣ አንድ ሌላ ነገር አብሮ ይሠራል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የታችኛው ወዲያው አይጠፋም። ዱም… ዱም… ዱም… ብሎ ቆይቶ ያቆማል። ከእግራችን ሥር ሌላ ወፍጮ ቤት ያለ፣ እኛ ስንዘጋ አይቶ የሚዘጋ ይመስላል።

"ድንጋዩ እየሰከነ ነው" አለኝ ባለቤቴ። እጄን ድንጋዩ ላይ አኖርኩ። ድንጋዩ ቆሟል። ድምፁ በጫማዬ በኩል አሁንም ይመጣል።

ክረምቱ ሲገባ ሌላ ጨመረበት። የግቢው ጎርፍ ሁሉ ተጠራርቶ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳና ከቁርቁራው መካከል ሄዶ ይጠፋል። ኩሬ የለ፣ ቦይ የለ። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ውሃው ጉልጭ፣ ጉልጭ ሲል ይሰማኛል፤ ሰው ሲጠጣ እንደሚያሰማው ነው። ያን ቀን ለአንዲት ጎረቤታችን ሄጄ ነገርኳቸው።

እትዬ ነው የምላቸው። ከአርጎባ ወገን ናቸው፤ ከሁሉም በፊት ቡና ሳይሆን ወተት ያቀመሱኝ እሳቸው ናቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

"ጉድጓድ ነው፣ የማሽላ ጉድጓድ" አሉኝ። "የድሮ ሰው እህሉን መሬት ቆፍሮ ይቀብር ነበር። ሽፍታም ወታደርም እንዳያገኘው አፉን በድንጋይ ደፍኖ፣ በላዩ አፈር መልሶ፣ አንዳንዱማ ያርስበት ነበር። የት እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ይረሳል።"

"ታዲያ ብንከፍተው ምን አለበት እትዬ?"

"አትክፈቱት የኔ ልጅ። እምቢ ካላችሁና ከከፈታችሁት ደግሞ እንዳትገቡ። ክፍቱን ይደር፣ ይተንፍስ። በማግስቱ ሰላምታ ሰጥታችሁ ኩራዝ በክር አውርዱ። ከበራ፣ ቢስሚላህ ተብሎ ይገባል። ከጠፋ ባለቤቱ ገና አልወጣም፤ ተመለሱ።"

"ባለቤቱ ማነው?"

"እኔ ምን አውቄ? እናቴ እንዲህ ነበር የምትለን።"

"ባትሪ ብናወርድስ?"

"ባትሪ ምን ትንፋሽ አለው? ኩራዝ ነው የሚተነፍሰው።"

ማታ ራት ላይ ይህንን እንዳለ ተናገርኩ፤ የሠራሁት የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ነው። አማቴ ጉርሻቸውን ሳህን ላይ መለሱ። "ኩራዝ አብርቶ የጂኒ ደጅ መጥናት! አንቺ ክርስትና አልተነሣሽም? ዳግመኛ በዚህ ቤት እንዳልሰማ" አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ብሎ ሳቀብኝ። ፊቴ ነደደ። ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ የሚባል ቃል አላነሣሁም።

እነሱ ግን አነሡት። ባለቤቴ ጉድጓድ መሆኑን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። የቆላ ነቀዝ በጆንያ ያለን ማሽላ በሦስት ወር ዱቄት ያደርገዋል፤ ወፍጮ ሳያስፈልገው። በጉድጓድ ግን ዓመት ይቆያል ሲሉ ሰምቷል። "የተቆፈረ፣ ያለቀ ጎተራ ከግቢያችን አግኝተን ዝም እንበል?" አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጎተራ የምናውቅ ሰዎች ነን። ጎተራ ማለት ከፍተህ የምትገባበት፣ ጠርገህ የምትወጣበት ነው። ጎተራ ሰው ሲበላ አይተን አናውቅም።

በጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ ከፈቱት። ሥራ የሌለበት ቀን ስለነበር ሞተሩ አልተነሣም። አማቴ በድጅኖ መሬቱን እየመቱ አዳመጡ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ መሬቱ እንደ ባዶ በርሜል መለሰላቸው። አፈሩን ጠርገው፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ፈነቀሉት። ከሥሩ ሰው በትከሻው ተጋፍቶ የሚያልፍበት ጠባብ አፍ ተከፈተ። የወጣው ሽታ የጠላ ድፍድፍ ይመስላል፤ ትንሽ ጣፋጭ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይኮሰኩሳል። ወደ ውስጥ ሳይ አንገቱ ጠቦ ሆዱ የሰፋ እንስራ ነው፤ ሁለት ሰው ቁመት ቢሆን ነው። ታች ጥቁር ነገር አለ። የተረሳ እህል።

"በሉ ገመድ እናምጣ" ብለው አባትና ልጅ ወደ ጓሮ ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። እትዬ ያሉኝ ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ሮጬ ኩራዙን ከጓዳ አመጣሁ። ክር ሳጣ ካሮጌ ነጠላዬ አረንጓዴውን ጥለት ቀድጄ አሰርኩበት። ኩራዙን አብርቼ አወረድኩት። አንገቱ ላይ ቀጥ ብሎ በራ። ወደ ሆዱ ሲገባ አነሰ፣ አነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። እፍ ሲሉት እንደሚጠፋው አልተርገበገበም፤ ሰው በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ የያዘው ነው የሚመስለው። ሳብኩት፣ ለኮስኩት፣ መልሼ አወረድኩት። በዚያችው ቦታ ላይ ጠፋ። የገመዱን ጭቅጭቃቸውን ከጓሮ ስሰማ ጥለቱ ከእጄ አመለጠኝ። ኩራዙ ታች ለስላሳ ነገር ላይ ሲወድቅ ሰማሁት።

መጡ። ባለቤቴ አየኝና "ምን ሆነሻል?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት።

ጊዜ ነበረኝ፤ ይህንን ልደብቀው አልችልም። ሸሚዙን አወለቀ። አባቱ ገመዱን ወገብህ ላይ ካላሰርክ አትገባም ብለው ተከራከሩት፤ እሺ ብሎ አሰረ፤ ቋጠሮውን እሳቸው ፈትተው እንደገና አሰሩት። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ቆሜ አያለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ "ጠፋ" ማለት። ያንን ካልኩ ግን የተከለከልኩትን ማድረጌ ሊወጣ ነው፤ አማቴም በዚያ ዓይናቸው ሊያዩኝ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ላለማፈር ባሌን ወደ ጉድጓድ ላክሁት። ሌላ ስም የለውም።

"ሰፊ ነው!" ሲል ሰማነው ከታች። ድምፁ የሱ ቢሆንም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። "ቤት ይወጣዋል… ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ አባባ። ደጋ ነው እዚህ።"

አማቴ ሳቁ።

"ኩራዝ አለ እዚህ" አለ ቆየት ብሎ።

"የምን ኩራዝ?" አሉ አማቴ።

"እኔ እንጃ" አለ። "ትኩስ ነው።"

ከዚያ ሳቀ። ባለቤቴ ሲስቅ አውቃለሁ፤ ያ ሳቅ የእሱ አልነበረም። ዘገምተኛ ነው፣ የሰከረ ሰው ሳቅ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም። የአማቴ ፊት ከጋቢያቸው ነጣ። አማተቡ። እኔ "ውጣ! ውጣ!" ብዬ ጮኽኩ። መልስ የለም። ከእጃቸው ያለው ገመድ በአንድ ጊዜ ከበደ።

አማቴ ገመዱን ለኔ ወርውረው እግራቸውን ወደ አፉ ከተቱ። ጩኸቴን ሰምተው እትዬ የደረሱት ያኔ ነው። ከኋላ ጋቢያቸውን ጨምድደው ያዙ። "ሁለት ሬሳ ልታደርጉት ነው? አይግቡ! ሳቡት ይልቅ!" አሉ። ከማሳ የሮጡ ሁለት ሰዎች ደረሱልን። አምስት ሆነን ሳብን። ትከሻው አፉ ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ፤ ቆዳው እየተላጠ ወጣ። ከንፈሩ የበሰለ ቁርቁራ መስሏል። እትዬ ውሃ ረጩበት፣ በሻሻቸው አራገቡለት፣ ስመ አላህ እየጠሩ ደረቱን መቱት። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ አዲስ እንደተወለደ ልጅ አየሩን ስቦ ጮኸ። እኔ መሬት ላይ ተደፍቼ ነበር፤ ያን ድምፅ ስሰማ አፈሩን ሳምኩት።

በባጃጅ ሸዋ ሮቢት ወስደን ታከመ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ በትዕግሥት አስረዳን። የበሰበሰ እህል መልካሙን አየር ይበላና ክፉውን ያስቀምጣል፤ ክፉው ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሞታል፤ ገመዱ ነው ያተረፈው። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ሲጨርስ "አየር ኩራዝ አያበራም፣ ልጄ" አሉት።

ባለቤቴ ከገባ በኋላ የሆነውን አላስታውስም አለ። ጉድጓዱን በድንጋይና በአመድ ሞላነው። የወለሉ ድምፅም ያን ቀን ቀረ፤ ለካ ሞተሩ ሲመታ ባዶው ነበር የሚያስተጋባው። ይገላግለኛል ያልኩት ዝምታ ግን ባሰብኝ። አማቴ እንቅልፍ አጡ። በየደረሱበት "ትኩስ ነበር" ይላሉ፤ ለባጃጅ ነጂው፣ ለደንበኛው፣ ለሻይ ቤቱ። ወንበር ስቦ ይቀመጣል ያሉት ነገር መጥቶ የተቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ያስቀመጥኩላቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ኩራዙን ያወረድኩት እኔ መሆኔን ለእትዬ ብቻ ነግሬያቸው ነበር፤ አንድ ቀን ጠሩኝ። "ሐቁን ንገሪያቸው። ሽማግሌው እየታመሙ ነው። እኔ አልናገርብሽም፤ አላህ ግን አይቶሻል" አሉኝ። ነገ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ለነገ ወዲያ።

ኅዳር ሳይገባ አማቴ ዳዊታቸውን አንግተው ወደ ደጋ ተመለሱ። ዳግመኛ አልወረዱም። ዱቄት ስንልክላቸው ከዚያ ወፍጮ የወጣ አልበላም ብለው ለሰው ይሰጡ ነበር። ወንድሞቹ እንደነገሩን ያ ጀግና ሰው መብራት አጥፍቶ መተኛት አልቻለም። ኩራዙ በፊታቸው ሲጠፋ እንደ ሕፃን ይጮሃሉ።

ዘንድሮ ጠናባቸው ተብሎ ተጠራንና ወጣን። ቤቱ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ መብራት በርቷል። አማቴ ሟምተው ከጋቢው ውስጥ መኖራቸውም ያጠራጥራል። ልጃቸውን እጁን ይዘው "ያ ሰውዬ አሁንም ያበራል?" አሉት።

"ጠፋ፣ አባባ" አላቸው። "ጨርሶ ጠፋ።" ይህንን ሲል የሚያየው እኔን ነበር። እኔ የብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካከልኩ። በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። መብራቱን የሚያጠፋ ሰው ጠፍቶ እስከ ቀብር በርቶ ዋለ።

ከተዝካሩ በኋላ በሚኒባስ ስንመለስ ደብረ ሲናን አልፈን ጠመዝማዛውን መውረድ ጀመርን። የቆላው ወበቅ በመስኮት ሲገባ ባለቤቴ ነጠላ ጫማውን እያየ፣

"ጠፋብሽ አይደል ያን ቀን?" አለኝ።

ምኑ አላልኩም። "ሁለት ጊዜ" አልኩት።

"ጥለቱን አውቄው ነበር። አረንጓዴውን። ታች እንዳየሁት ነው ያወቅኩት።"

እንባዬ መጣ። "አላስታውስም ብለህ ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርካቸውም?" አልኩት። "በፍርሃት ሲያልቁ እያየህ?"

ዓይኑን ከጫማው አነሣ።

"አንቺ እስክትነግሪያቸው ነበር የምጠብቀው" አለኝ።